ስሟ ያልተጠየቀ ባለቅኔ

የግጥም ነገር በተነሣ ቍጥር ከወዳጆቻችን አንዱ ሳይጠይቀን የማያልፍ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ባለቅኔ ስለ ምን ቢጽፍ ይሻላል?» የሚል ነው። አንዱ ስለ አገር ፍቅር ይላል። ሌላው ስለ ተፈጥሮ ውበት፣ ስለ መስከረም አደይ አበባና ስለ ክረምት ደመና ይላል። ወጣቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ስለ ተገፉት ሰዎች ነው እንጂ ሌላ ምን አለ!» ብለው በቍጣ ይመልሳሉ። የወጣቶቹን መልስ እንወደዋለን። የሰው ልጅ በሰው እጅ ሲገፋ አይቶ ልቡ የማይነካ ሰው፣ ቃላት ቢደረድር ቤት ይመታለት ይሆናል እንጂ ግጥም አይሆንለትም።

ሆኖም ይህን መልስ በሰማን ጊዜ አንድ ነገር ያሳስበናል። በየጊዜው እጃችን የሚገቡትን ግጥሞች ብናገላብጥ፣ የተገፋው ሰው ብዙውን ጊዜ ስም የለውም፤ ሰፈር የለውም፤ የሚበላው የሚጠጣው አይታወቅም። «ድኻ»፣ «ምስኪን»፣ «ግፉዕ» ተብሎ ከሩቅ ይጠራል፤ ገጣሚው ያለቅስለታል፤ ስንኙም እዚያው ላይ ያልቃል። ግፍ ግን በሩቅ አገር ብቻ የሚደረግ፣ ታላላቅ ሰዎች ብቻ የሚፈጽሙት ነገር አይደለም። ማለዳ ከቤት ስንወጣ በመንገድ፣ ማታ ስንገባ በማድ ቤት የሚያጋጥመን ነገር ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ባለቅኔና ስለ ዕለት ኑሮ፣ ይልቁንም በዕለት ኑሮ ውስጥ ዓይን ሳያያቸው ስለሚታለፉ ሰዎች ከአንባብያን ጋራ ጥቂት ለመጨዋወት አስበናል።

በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደውን መንገድ በማለዳ የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመታት ወደ ከተማው ሲወርዱ ኖረዋል። ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ መጥቶ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በተተከለ ጊዜ፣ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ የነበረችውን ከተማ አዳናት፤ ይህን ታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ዛፉን ያስመጡትና ያስተከሉት ሰዎች ስማቸው በየጊዜው ይነሣል፤ ዛፉን ከተራራው አውርዳ ከምድጃችን ያደረሰችው ሴት ግን ስሟ ሲነሣ አንሰማም።

እንግዲህ ባለቅኔው ይህችን ሴት ሲያያት ምን ያደርጋል? የመጀመሪያው ፈተና ምሳሌ ሊያደርጋት መቸኰሉ ነው። ጎንበስ ያለ ጀርባዋን ይመለከትና «የሰው ኑሮ ሸክም ነው» ብሎ ስንኝ ይቋጥራል። ለእርሷ ግን ሸክሙ ምሳሌ አይደለም፤ ሸክም ነው። ገመዱ ትከሻዋንና ደረቷን ይከረክራታል። ቍልቍለቱ ጕልበቷን ያንቀጠቅጠዋል። በመንገድ ዐረፍ ልበል ብትል እንኳ፣ ካወረደችው በኋላ መልሶ የሚያሸክማት ሰው ስለማታገኝ፣ ሸክሟን ከአንድ ግንብ ላይ አስደግፋ ቆማ ነው የምታርፈው። ከገበያ የምታገኘውም ዋጋ ለዕለት እንጀራ እንጂ ለነገ የሚተርፍ አይደለም። ይህን ሁሉ ሳይመለከት «ሸክም» የሚለውን ቃል ብቻ ከእርሷ ተቀብሎ የሚሄድ ገጣሚ፣ ጭነቷን ሳያቀልላት ቃሏን ወሰደባት ማለት ነው።

ከእርሷ ጥቂት ዝቅ ብሎ በሽሮ ሜዳ ባለቅኔው ሸማኔውን ያገኛል። ከጋሞ ደጋ የመጣው ይህ ባለ እጅ እግሩን ወደ ጕድጓድ አውርዶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ ይውላል። እርሱ የሠራው ባለ ጥለት ሸማ ለመስቀልና ለጥምቀት ተለብሶ ሲወጣ «ባህላችን» ተብሎ ይኰራበታል፤ ሠሪው ግን በሙያው ስም ሲሰደብ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ስለዚህ ነው። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከሁሉም አፍ ገና አልወጣም። ሕግ አፍን ለመያዝ ይችላል፤ ልብን ለመመለስ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ግጥም የሚጠቅመው ምናልባት እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን የተገፋ ሰው ሁሉ ዝም ያለ ሰው ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። አንዳንድ ገጣሚዎች «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ እንሁናቸው» ይላሉ። ሐሳቡ በጎ ነው። ግን ድምፅ የሌለው ሰው ማን ነው? የሞተር ወፍጮ በየሰፈሩ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ እህል ሁሉ በድንጋይ ወፍጮ በሚፈጭበት ዘመን፣ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ የምትፈጨው ሴት ዝም ብላ አልፈጨችም። መጁ ወደ ፊት ሲሄድና ወደ ኋላ ሲመለስ በሚሰጠው ድምፅ ልክ ዜማ እያወጣች ታንጐራጕር ነበር። እኛ በተወለድንበት በትግርኛ አገር ወፍጮው «መጥሓን» ይባላል፤ ስሙ ይለይ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

በዚያ እንጕርጕሮ ውስጥ ያልተባለ የለም። ከእናቷ ቤት ርቃ ለማታውቀው ሰው የተዳረች ልጅ ናፍቆቷን፣ አማቷ የምትነፍጋት ምራት ብሶቷን፣ ጌታዋ የሚቈጣት አገልጋይ ኀዘኗን ለወፍጮው ትነግረዋለች። ለወፍጮው የምትናገር መስላ ለጌታዋ ትናገራለች። ጌታዋም ከመደቡ ላይ ተጋድሞ ይሰማታል፤ ነገር ግን «እኔ የተናገርሁት ለድንጋዩ ነው» ብትለው ምን ይመልስላታል? ይህ ጥበብ በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ይባላል። የቅኔ ተማሪ ቍራሽ እየለመነ፣ በጎጃምና በጎንደር አድባራት እየዞረ፣ ዓመታት ደክሞ ይማረዋል፤ ሲፈጽምም መምህር ተብሎ ይከበራል፤ ክብሩም ይገባዋል። ወፍጮ ፈጪዋም ያንኑ የመሰለ ጥበብ በእኩለ ሌሊት፣ በጕልበቷ ተንበርክካ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች አውጥታዋለች። እርሷን ግን መምህር ያላት የለም፤ ስሟንም የጠየቃት የለም።

አባቶቻችን ይህን ነገር ፈጽሞ ሳይረዱት አልቀሩም። «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ የነበሩ ገዢዎች እንደ ነበሩ ሲነገር ሰምተናል፤ ከብት ጠባቂው ልጅ በሜዳ የሚያዜመው ዜማ በአገሩ ሰው ሆድ ያለውን የሚገልጥ ስለ ሆነ ነው። ብልህ ገዢ የታናሹን ሰው ግጥም ያደምጣል። ብልህ ባለቅኔ ደግሞ ከገዢው ይልቅ ሊያደምጥ ይገባዋል።

ይህን የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሰምቶት ይሆናል፤ ለሌላው ግን እምብዛም የታወቀ ስላልሆነ እዚህ ላይ ማውሳቱን መልካም ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ታሪክ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቴር ጋኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ በሕፃንነቷ በባርነት እጅ ወደቀች። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ ከሌሎች ጋራ በቀይ ባሕር ስትወሰድ፣ የጣልያን ባሕር ኃይል መርከቡን ያዘውና ነጻ ወጣች። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያ ሚስዮን ኦኔሲሞስ ነሲብ የሚባል ሰው ይሠራ ነበር። እርሱም ራሱ በሕፃንነቱ ከኢሉባቦር በኩል ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ፣ በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጣ ሰው ነው። የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ነበረ፤ ይህም በኦሮምኛ መፍታት፣ መተርጐም ከሚለው ቃል ጋራ የሚዛመድ ስም ነው። ኦኔሲሞስ የሚለው ስሙ ከሐዲስ ኪዳን የተገኘ ሲሆን በአማርኛው መጽሐፍ አናሲሞስ ተብሎ ተጽፏል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት፣ አናሲሞስን ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ጌታውን የለመነለት ያ ባሪያ ነው።

ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም በጀመረ ጊዜ አንድ ችግር ነበረበት። ከአገሩ የወጣው በሕፃንነቱ ስለ ሆነ የቋንቋው ሀብት ሁሉ በእጁ አልነበረም። ይህን ጕድለት በመሙላት ታላቅ ሥራ የሠራችው አስቴር ናት። ቃላት ሰበሰበች፤ የአነጋገሩን ለዛ አቀናች። ከዚህም በላይ በልጅነቷ የሰማቻቸውን ተረቶችና ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች አምስት መቶ ያህል በቃሏ እያስታወሰች ጻፈች። ከነዚሁም ብዙዎቹ በ1894 በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ የወጣው ደግሞ በ1899 ነው። አስቴርም በኋላ ወደ ወለጋ ተመልሳ ሕፃናትን ስታስተምር ኖረች።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። ባሪያ ነጋዴዎቹ ከዚህች ልጅ ያልወሰዱት ምን አለ? ከአገሯ አወጧት፤ ከወገኖቿ ለዩአት፤ እንደ ዕቃ በመርከብ ጫኗት። በልቧ የነበሩትን አምስት መቶ ነገሮች ግን ሊወስዱባት አልቻሉም። በዚያች መርከብ ውስጥ ተጨንቃ የተቀመጠችው ልጅ፣ ሊሸጧት ከተዘጋጁት ሰዎች ሁሉ የበለጠ ሀብት ነበራት። ሀብቷን ያላዩት ጠይቀዋት ስለማያውቁ ነው። ወረቀትና ቀለም የሚሰጥ፣ «በእናንተ አገር ይህ ነገር ምን ይባላል?» ብሎ የሚጠይቅ በተገኘ ጊዜ ግን ሀብቱ መጽሐፍ ሆነ። እንግዲህ ለአስቴር ድምፅ የሰጣት ሰው የለም፤ ድምፁ ቀድሞም የእርሷ ነበረ። ጐድሎ የነበረው ጠያቂና አድማጭ ነው።

ከአስቴር መርከብ ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ከገባችበት ከ1916 ዓ.ም. አንሥቶ ባርነትን ለማስቀረት ሕግ ወጥቷል፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ባርነት ፈጽሞ ተከልክሏል። ዛሬ ያንኑ ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱት እኅቶቻችን በሰንሰለት ታስረው አይሄዱም፤ ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች አንድ ናቸው አንልም። ይሁን እንጂ በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ስድሳ ሺህ የሚበልጡ ወንዶችና ሴቶች ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ከአውሮፕላን ሲወርዱ ያያቸው ሰው ሁሉ አልቅሷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሊባኖስ በገንዘብ ችግር በተጨነቀች ጊዜ፣ አሠሪዎቻቸው በቤይሩት ከኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው የሄዱ የቤት ሠራተኞች ሻንጣቸውን ይዘው በመንገድ ዳር ተቀምጠው ታይተዋል። ፓስፖርታቸው የተያዘባቸው፣ ደመወዛቸው የቀረባቸው፣ በር የተቈለፈባቸው ነበሩ። ገጣሚዎቻችን ስለ እነርሱ ጻፉ፤ ደግ አደረጉ።

ግን ገጣሚው በማታ ተቀምጦ ያንን ግጥም ሲጽፍ ቡናውን ያፈላችለት ማን ናት?

በብዙ ቤት ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አለች። ከሁሉ በፊት ትነሣለች፤ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። የምትተኛውም ብዙ ጊዜ በማድ ቤቱ ጥግ ነው። ወጡን የምትሠራው እርሷ ናት፤ የምትበላው ግን ሌላው በልቶ ከተነሣ በኋላ፣ ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። እንግዳ መጥቶ «ይህች ልጅ ማን ናት?» ቢል፣ «ሠራተኛችን ናት» ይባላል እንጂ ስሟ አይነገርም። ደመወዟ «እጅሽ ላይ ከሚጠፋ እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ» ተብሎ በእመቤቲቱ እጅ ይከርማል። ታሞ መተኛት የለም፤ ታማ ብትተኛ «ሰንፋ ነው» ትባላለች። ከበዓል ቀን ይልቅ የሚከብዳት ቀን የለም፤ ለሌላው በዓል ሲሆን ለእርሷ ሥራው እጥፍ ነውና። አንድ ብርጭቆ ብትሰብር ከደመወዟ ይቈረጣል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳትሰብር ብትኖር ግን የተጨመረላት የለም።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የልጆች ነገር ነው። የስድስት ዓመት ሕፃን በዕድሜ እናቱን የምታህለውን ሠራተኛ «አንቺ ነዪ! ጫማዬን አምጪ!» ሲላት ይሰማል። ያው ሕፃን ጎረቤት የሆነችውን ሴት ግን «እትዬ» ብሎ በአክብሮት ይጠራል። ይህን ልዩነት ከየት ተማረው? በትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ትምህርት የለም፤ የተማረው በገበታ ዙሪያ፣ ከወላጆቹ አፍ ነው። ሰውን እንደ ሰው አለማየት የሚጀመረው በጦር ሜዳ ወይም በሹመት ወንበር አይደለም፤ በዚህ ዓይነት ትንሽ ነገር ነው። ዛሬ ጫማውን የሚያመጣለትን ሰው ስም የማያውቅ ልጅ ነገ አለቃ ሲሆን የበታቾቹን ስም ያውቃል ማለት ያስቸግራል።

ይህ ነገር አዲስ ትምህርት የሚያሻው አይደለም። ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝ ዕረፍቱን ለቤቱ ጌታና ለልጆቹ ብቻ አላደረገም፤ ለወንድ አገልጋይና ለሴት አገልጋይ፣ ለከብትም፣ በደጅ ላለው እንግዳም ጭምር ነው። ኦሪት ዘዳግም የችግረኛ ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ያዛል። በእስልምናም ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን ስለ መስጠት የታወቀ ትምህርት አለ። በጸሎተ ኀሙስ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚፈጸመው የእግር መታጠብ ሥርዓትም የሚያስታውሰን፣ ጌታ የአገልጋይን ሥራ በራሱ እጅ መሥራቱን ነው።

ሕጉም ቢሆን ፈጽሞ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሠራተኛው በአሠሪው ቤት የሚኖር በሆነ ጊዜ አሠሪው ለጤናውና ለመልካም ጠባዩ እንዲያስብ ግዴታ ይጥልበታል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በጄኔቭ ባደረገው ጉባኤ ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገረውን ስምምነት ቍጥር 189 አጸደቀ፤ ከያዛቸውም ነገሮች አንዱ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ሃያ አራት ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ግን በግል ቤት የሚሰጠውን አገልግሎት ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። የሕጉን ነገር ለሕግ ዐዋቂዎች እንተወው። ይሁን እንጂ ደንብ ቢወጣም ባይወጣም፣ ማድ ቤት ተቈጣጣሪ የማይገባበት ቦታ ነውና፣ በዚያ የሚፈርደው የቤተሰቡ ኅሊና መሆኑ አይቀርም።

አንዳንድ እመቤቶች ይህን ሲያነቡ «የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ለራሳችንስ መች በቃ? እኛ የምንበላውን ትበላለች፤ ከዚህ የበለጠ ከየት እናምጣ?» ይሉ ይሆናል። እውነት አላቸው። የኑሮ ውድነት በወር መጨረሻ ምን እንደሚመስል ለእኛም የተሰወረ አይደለም። ደግሞም ሠራተኛቸውን ማታ ትምህርት ቤት አስገብተው ለቁም ነገር ያበቁ፣ ወግ ማዕረግ አሳይተው እንደ ልጃቸው የዳሩ ቤተሰቦች ጥቂቶች አይደሉም፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ ከምናሳስበው ነገር የሚበዛው ገንዘብ የማያስወጣ ነው። በስሟ መጥራት ገንዘብ አያስወጣም። የተስማሙበትን ደመወዝ ቀኑ ሲደርስ በእጇ ማስቈጠር ተጨማሪ ወጪ አይደለም፤ የእርሷን ገንዘብ ለእርሷ መስጠት ነው። በሳምንት አንድ ቀን እመቤቲቱና ልጆቹ ማድ ቤት ቢገቡ፣ ልጆቹ ሙያ ይማራሉ እንጂ አይጐዱም። ከትኩሱ ወጥ ቀንሶ ማስቀመጥ፣ ማታ ለሁለት ሰዓት ደብተሯን ይዛ እንድትወጣ መፍቀድ፣ ልጆችን «እትዬ» ብለው እንዲጠሯት ማስለመድ፣ ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ልብን ነው።

አሁን ወደ ባለቅኔው እንመለስ። «የእኔ ግጥም ለእንጨት ተሸካሚዋ ምን ያደርግላታል?» ብሎ የሚጠይቅ ቅን ገጣሚ አለ። መልሱን ሳንሸፋፍን ብንናገር ግጥሙ ከሸክሟ አንዲት ጭራሮ አይቀንስላትም። ነገር ግን ሰው በየዕለቱ እያየው የማያየውን ነገር እንዲያይ ማድረግ ይችላል። ዓይን ከለመደው ነገር ላይ ልማድን መግፈፍ የባለቅኔ ሥራ ነው። ለዚህ ግን አስቀድሞ ራሱ ማየት አለበት፤ ለማየትም መጠየቅ አለበት። ስለ ተገፉት ሰዎች ሊጽፍ የሚነሣ ወጣት፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት በቤቱ ያለችውን ልጅ ስሟን ከነአባቷ ስም፣ የመጣችበትን ወረዳ፣ እናቷ በሕይወት መኖሯንና አለመኖሯን ያውቅ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር። ያላወቀ እንደ ሆነ ግጥሙን ለነገ ያቈየውና ዛሬ ይጠይቃት።

ከጠየቃትም በኋላ በአገሯ ምን እንደሚዘፈን ይጠይቃት። የድንጋይ ወፍጮ ከብዙ ቤት ወጥቷል፤ ለእናቶቻችን ክንድ ዕረፍት ነውና አንናፍቀውም። ነገር ግን ከወፍጮው ጋራ እንጕርጕሮውም አብሮ እየወጣ ነው። ያንን ዜማ በቃላቸው የያዙ አሮጊቶች ዛሬም በየሰፈሩ፣ በየገጠሩ አሉ፤ ነገ ግን አይኖሩም። አንድ ተማሪ ለዕረፍት ወደ አያቱ ቤት ሲሄድ አንድ ደብተር ቢይዝ፣ የሰማውንም ሳያሳምርና ሳያርም ቢጽፍ፣ በራስጌውም የነገረችውን ሴት ስም ቢያኖር፣ ለአማርኛውም፣ ለትግርኛውም፣ ለኦሮምኛውም፣ ለየቋንቋው ሁሉ ታላቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። አስቴር ጋኖ በባዕድ ቦታ፣ ከወገን ተለይታ አምስት መቶውን ከጻፈች፣ እኛ በአገራችን ተቀምጠን፣ አያቶቻችን በምድጃ ዳር ተቀምጠው ሳሉ፣ አምስቱን ለመጻፍ ምን ይከለክለናል?

በዚሁ መንፈስ የቋጠርናቸውን ጥቂት ስንኞች ለአንባብያን አቅርበን የዛሬውን እንፈጽማለን።

ሸክሟን ሳላወርደው ሸክሟን ብዘምረው፣
ቃል ጆሮን ያረካል ጀርባን አያሽረው።
ስሟን ልጠይቃት ከመግጠሜ በፊት፣
ዋጋዋን ልክፈላት ጀምበር ሳትጠልቅባት።
ያን ጊዜ ብዘምር ዜማዬ ይሠምራል፤
እሷም ስታዜመው ጆሮዬ ይማራል።